መስኮት ላይ የተተከለ ጤና አዳም ትንኝ አያባርርም

ችግኝ ሻጭ ነኝ። ከአራት ኪሎም ይምጣ ከልደታ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «መስኮቴ ላይ የማስቀምጠው፣ ትንኝና ዝንብ የሚያባርር ተክል ስጠኝ።» ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር ይጠራሉ። በሶብላን ለሽሮ፣ ጤና አዳምን ለቡና ብላችሁ ውሰዱ፤ ደስ ይለኛል። ለትንኝ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ነፍሳት የሚሸሹት ዘይት እነዚህ ተክሎች ውስጥ መኖሩ እውነት ነው። ዘይቱ ግን ቅጠሉ ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው። ሳይነካ ቆሞ የሚውል ተክል የሚለቀው ሽታ ጥቂት ነው፤ ያንኑም ነፋስ ይወስደዋል። ጨምቃችሁ ብትቀቡትም ብዙ ሳይቆይ ይተናል። ጤና አዳምንማ በፍጹም ቆዳ ላይ አትሹት፣ በተለይ የልጆች! ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ በሶብላህ አልሠራም፤ ና እስቲ እየው» ብለው ጠሩኝ። ከአበባው ሳጥን ሥር ያለውን ሳህን ሳብ አደረግሁት። የትንኝ እጮች ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ውሃው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሳህኑን ስነካው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። አጠገቡ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚያጠራቅሙበት ክዳን የሌለው በርሜል ቆሟል። ትንኙ የሚፈለፈለው እዚያው በረንዳቸው ላይ ነበር። በሞቃት አየር እንቁላል ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በራሪ ትንኝ ይሆናል፤ የእኛ ከተማ ብርድ ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። ሳህኑን በየሳምንቱ ድፉ፣ በርሜሉን ክደኑ። «አራተኛ ፎቅ ትንኝ አይወጣም» የምትሉትም እንደዚያው አድርጉ።

«አበባ በረሮ ያመጣል» ይባላል። አያመጣም። በረሮ የሚገባው በፍሳሽ ቀዳዳና ከሱቅ በምታመጡት ካርቶን ነው።

«ጉንዳን ተክሌን ጨረሰው» ለምትሉ፦ ፍሊት ከመንፋታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት። ክሽክሽ የሚባሉ፣ የተክሉን ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ታገኛላችሁ። ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። ክሽክሹን በሳሙና ውሃ እጠቡት፤ ጉንዳኑም ይቀራል።

«ነፍሳት ያባርራል» ብሎ የቡና አተላ አፈሩ ላይ መድፋት ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል። እርጥብ አተላ ይሻግታል፤ አበባው ዙሪያ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች የሚፈለፈሉት እንዲህ ባለ ረጥቦ በማይደርቅ አፈር ላይ ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። በክረምት መስኮት ዳር ያለውን ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል።

ነፍሳት እንዳይገቡ ከፈለጋችሁ የመስኮት ወንፊት ግዙ። መርካቶ በሜትር ተቆርጦ ይሸጣል። ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ፍሬሙ ከመስኮቱ ጋር የሚገጥምበትን ዳር በጣታችሁ ዳስሱት፤ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ወንፊቱን የገጠመው ሠራተኛ ሳይሄድ አስደፍኑት፣ የአበባውንም ሳጥን ከወንፊቱ ውጭ አስቀምጡ።