ሶምሶማ ሩጫ አይደለም ያለው ማን ነው?

ጣና ዳር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀማሪዎችን ማሮጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር እሰማለሁ፦ «ፈጣን ለመሆን በየቀኑ እስኪያቅትህ መሮጥ አለብህ።» ሰለቸኝ። ስንቱን ሰው ከሩጫ እንዳስቀረ አይቻለሁና።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ መጣ። ጫማው አዲስ ነው። ክሩን ሁለቴ ቋጠረና ተፈተለከ። የዘንባባው ረድፍ ሳያልቅ ቆመ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ደግፎ «ለእኔ ሩጫ አይሆንም፣ ትንፋሽ የለኝም» አለኝ። ትንፋሽማ አለው። 5 ኪሎ ሜትር አስቦ የተነሳው ግን 400 ሜትር በሚሮጥበት ፍጥነት ነው።

ጀማሪን ቶሎ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ የእግር ድክመት አይደለም። ሰውነቱ ለጡንቻው ኦክስጅን የማድረስና በእሱ የመጠቀም አቅሙ ገና ስላልዳበረ ነው። ይሄ አቅም ደግሞ በሶምሶማ ይገነባል። ቀስ ብላችሁ ረዘም ላለ ጊዜ ስትሮጡ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። በጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ትንፋሹ እሺ ሲለው ይጨምራል፣ አጥንቱ ግን ገና ነው። እኔ ስጀምር ይሄን የነገረኝ አልነበረም። በሁለተኛው ወር ቅልጥሜን አመመኝ፤ ለስድስት ሳምንት ደረጃ ስወርድ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«ቀስ» ማለት ምን ያህል ነው? ሰዓት አያስፈልጋችሁም። እየሮጣችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ድገሙ፤ ሙስሊም የሆናችሁ ፋቲሐን ቅሩ። ቃል ሳይቆራረጥ ከወጣ ልኩ እሱ ነው። በየሁለት ቃሉ የምትተነፍሱ ከሆነ ቀንሱ፤ ካልሆነ ተራመዱ።

«መራመድ ሽንፈት ነው» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ አብራኝ ትሮጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነች። አንድ ደቂቃ ሮጣ ሁለት ደቂቃ እየተራመደች ጀመረች፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 30 ደቂቃ ብቻ። የሚያልፉ ወጣቶች «በርቺ፣ ፍጠኚ!» ይሏታል። አልሰማቻቸውም። በአሥረኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ሳታቋርጥ ሮጠች። ፍጥነት የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሶምሶማው መጨረሻ 20 ሰከንድ ፈጠን ማለት፣ ትንፋሽ እስኪመለስ መራመድ፣ አራት ጊዜ መድገም። ፈጠን ማለት ስል መወንጨፍ አይደለም፤ ትከሻና መንጋጋ ሳይጠብቅ ነው። የቤዛዊትን ዳገት የሞከረችው ደግሞ ከዚያም ቆይታ ነው።

«ታዋቂዎቹ አትሌቶች እኮ ሯጭ ሆነው ነው የተወለዱት» ትሉኛላችሁ። ተፈጥሮ ድርሻ የለውም አልልም። ግን ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በመሃሉ ሰባት ዓመት አለ። አትሌቶቻችን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው በዝግታ የሚሮጡበት ቀንም አላቸው። እነሱ ቀስ ካሉ እናንተ ምን ያጣድፋችኋል?

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ላንሳ። ላስቲክ ወይም ወፍራም ጃኬት ለብሶ መሮጥ ስብ አያቀልጥም። የወጣው ውሃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል። በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ አደገኛ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ሩጫ የጉልበት መገጣጠሚያን ይጨርሳል የሚባለውም ለጤነኛ ጉልበትና ቀስ በቀስ ለሚጨምር ሰው አይሠራም። ጎን የሚወጋችሁ ብዙ ጊዜ በልታችሁ ወዲያው ስለሮጣችሁ ነው፤ ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ረፋድ ላይ ሮጣችሁ «አቅሜ ወረደ» አትበሉ። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ሲልክ ልብ የበለጠ ይመታል። በማለዳ ውጡ።

ያ ልጅ ሐሙስ ተመልሶ መጣ። አንድ ደቂቃ ሮጠ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመደ፣ አሥር ጊዜ። ሲጨርስ ፊቱ ላይ ላብ አለ፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ያወራኛል።

«ነገም ልምጣ?»

«አይ፣ ነገ እረፍት ነው። ቅዳሜ ና።»

«በየቀኑ ካልሮጥኩ አይጠፋብኝም?»

«በአንድ ቀን አይጠፋም። ጡንቻህ የሚጠገነው ስታርፍ ነው። ቅዳሜ 12 ሰዓት እጠብቅሃለሁ።»