በር የሚያንኳኩ ሰዎች፦ የመራጮች ምዝገባ በጎ ፈቃደኞች በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ዜጋ መሆን ብቻውን ድምፅ ለመስጠት አያበቃም። ከሰሜን ዳኮታ በስተቀር በሁሉም ስቴቶች መራጩ መጀመሪያ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ቅጹን የሚሞላው፣ ቤት ሲቀይር አድራሻውን የሚያስተካክለው፣ ቀነ ገደቡን የሚያስታውሰውም ራሱ ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። አገር ቤት ምርጫ ሲደርስ ምርጫ ቦርድ በየአካባቢው ጣቢያ ይከፍታል፤ ሰውም ሄዶ ይመዘገብና የመራጭነት ካርዱን ይዞ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የምዝገባ ሰሞን የለም። መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ዝም ብለው ከተቀመጡ ዓመታት ያልፋሉ። ክፍተቱን ሲሞሉ የኖሩት በየሰፈሩ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ቅጽና እስክሪብቶ ይዘው የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባላት ይገኙባቸዋል።

ከድርጅቶቹ አንጋፋው የሴት መራጮች ሊግ ነው። በ1920 ቺካጎ ውስጥ በኬሪ ቻፕማን ካት ተመሠረተ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው 19ኛው ማሻሻያ የጸደቀው ከዚያ ከወራት በኋላ ነበር። ሊጉ እስካሁን መራጭ ይመዘግባል፣ የዕጩዎች ክርክር ያዘጋጃል፣ ማንንም ዕጩ ግን አይደግፍም። ከ2012 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ ብሔራዊ የመራጮች ምዝገባ ቀን አለ። በዚያ ቀን ቤተ መጻሕፍቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የገበያ አዳራሹም ጠረጴዛ ይዘረጋል።

የዚህ ሥራ እውነተኛ መሠረት ግን ደቡብ ውስጥ ነው። እዚያ ሕጉ ለጥቁሮች በወረቀት ላይ መብት ሰጥቶ በተግባር ሲነፍጋቸው ኖሯል። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ለመመዝገብ የስቴቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ ማንበብ ይጠየቅ ነበር። ጆንስ ደሴት ላይ ኢሳው ጀንኪንስ የሚባል ሰው ነበር። ሠራተኞችን በአውቶቡስ ወደ ቻርልስተን ያመላልሳል። መንገድ ላይ ለተሳፋሪዎቹ ያንን ሕገ መንግሥት ያስተምራቸው ጀመር። ማንበብ የማይችሉት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር።

በ1957 መጀመሪያ ደሴቲቱ ላይ የመጀመሪያው የዜግነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቦታው የኅብረት ሥራ ሱቅ ጓዳ ነበር። ፊት ለፊት ሱቅ ስለሆነ ነጮቹ ከኋላ ምን እንደሚካሄድ አይጠረጥሩም። ሐሳቡን የገፋችው ሴፕቲማ ክላርክ መምህርት ነበረች፤ የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል በመሆኗ ከሥራዋ ከተባረረች ገና ብዙ አልቆየችም። የመጀመሪያዋ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን ደግሞ የፀጉር ባለሙያ ነበረች። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም። የተፈለገው አዋቂዎችን ከፍ ዝቅ የማያደርግ፣ የሚያምኑት ሰው ነው። ሮቢንሰን በሰዎቹ ጥያቄ ጀመረች። ስማቸውን መጻፍ፣ የዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት፣ ሐዋላ መላክ ይፈልጉ ነበር። የመራጭነት ቅጹም አብሮ መጣ። ይህ ዓይነት ትምህርት ቤት በኋላ በመላው ደቡብ ተስፋፋ። እኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠራው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ሰውን ከቆመበት ቦታ ይጀምራልና።

ሚሲሲፒ ውስጥ የተከፈለው ዋጋ የከበደ ነበር። በ1964 የነጻነት በጋ በተባለው ዘመቻ ከሰሜን የመጡ ተማሪዎች ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው ቤት ለቤት ዞሩ። ገና ዘመቻው ሲጀመር ሦስት ተሳታፊዎቹ፣ ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽዌርነር ተገደሉ። በዚያ በጋ 17,000 ያህል ጥቁሮች ለመመዝገብ ሞከሩ፤ ተቀባይነት ያገኙት 1,600 ገደማ ብቻ ናቸው። ዘመቻው በቁጥር ሲታይ ያልተሳካ ይመስላል። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት የመምረጥ መብት ሕግ ሲወጣ ያ ሁሉ መዝገብና ምስክርነት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከሕጉ በፊት ከጥቁሮች የተመዘገቡት 7 በመቶ እንኳን አይሞሉም ነበር። በ1967 ወደ 60 በመቶ ደረሱ።

ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ዊሊ ቬላስኬዝ በ1974 ሳን አንቶኒዮ ላይ የላቲኖዎችን የምዝገባ ድርጅት አቋቋመ። መፈክሩ በስፓኒሽ “ድምፅህ ልሳንህ ነው” የሚል ነበር። ስደተኛ ማኅበረሰብ በራሱ ቋንቋ ሲቀሰቀስ ምን እንደሚሆን ያሳየ ሥራ ነው።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ ፊርማ። በ1993ቱ ሕግ መሠረት ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ምዝገባም አብሮ ማቅረብ አለበት። በኦሪገን ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ስቴቶች ይህ ሰው ሳይጠይቅ በራሱ የሚካሄድ ሆኗል። በመስመር ላይም መመዝገብ ይቻላል። ታዲያ በጎ ፈቃደኛ ለምን ያስፈልጋል? መንጃ ፈቃድ የሌለው ሽማግሌ አለ። በየዓመቱ አፓርታማ የሚቀይር ቤተሰብ አለ። ዜግነት አግኝቶ “ቀጥሎስ?” የሚል አለ። እነዚህ ሰዎች ዌብሳይት ብቻውን አይደርስላቸውም።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ እዚህ ላይ መዘናጋት አይቻልም። ቴክሳስ ውስጥ ማንም ተነስቶ ቅጽ መሰብሰብ አይችልም። ካውንቲው የበጎ ፈቃድ መዝጋቢ አድርጎ ሊሾመው ይገባል፤ የሞላውንም ቅጽ በ5 ቀን ውስጥ ማስረከብ አለበት። ዳላስና ሂውስተን ያሉ ወገኖች ይህን ሳያውቁ ቢጀምሩ ችግር ውስጥ ይገባሉ። ፍሎሪዳ በ2023 ባወጣችው ሕግ ቅጽ ሰብሳቢ ድርጅቶችን በ10 ቀን እንዲያስረክቡ ታዛለች፤ የድርጅት ቅጣቱ በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ቀለል ይላሉ። ሦስቱም ዘንድ ቀነ ገደቡ ያለፈበት ሰው ምርጫው ዕለት እንኳን መመዝገብ ይችላል፤ ቨርጂኒያ ይህን የጀመረችው በ2022 ነው።

የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ማለትም ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከአገር ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች ትልልቆቹ ውስጥ ናቸው። ግን የፌዴራሉ ሕግ በሌላ ቋንቋ የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ነባሮች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛም ሆነ ሌላ የአፍሪካ ቋንቋ አይገባበትም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከቋንቋዎቿ አንዱ አድርጋዋለች፤ የምርጫ ቦርዷም በአማርኛ መረጃ ያወጣል። ከድንበሩ ሲሻገሩ ይህ ዋስትና አይከተልም። ለዚህ ነው ሰፈር ውስጥ አማርኛ የሚናገር በጎ ፈቃደኛ ዋጋው ከፍ የሚለው።

ትልቁ ራስ ምታት ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ “የመጨረሻ ስም” ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ምርጫ ቢሮው ደግሞ ቅጹን ከዲኤምቪ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። በ2018 ጆርጂያ ውስጥ ከ50,000 በላይ ምዝገባዎች አብዛኞቹ በእንዲህ ያለ ልዩነት ምክንያት ተንጠልጥለው ነበር። ሰዎቹ መታወቂያ ይዘው ቢመጡ መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ያንን ያላወቀ ግን ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ “መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ፣ ልክ እዚያ እንደተጻፈው እንጻፍ” መሆን አለበት። ቀንም እንደዚሁ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። የትውልድ ቀናቸው ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር የተዛባባቸውም አሉ። ሰነዱ ላይ ያለውን መገልበጥ ነው እንጂ እንደገና ማስላት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ዜግነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ ወይም ለስቴት ምርጫ መመዝገብ አይችልም። በ1996ቱ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ ወንጀል ነው፤ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መፈረምም እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ “ተመዝግበህ ወይም ድምፅ ሰጥተህ ታውቃለህ?” ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ በቅጡ የማይገባቸው እናት ዲኤምቪ ሄደው አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ቢያደርጉ ዳፋው ለዓመታት ይከተላቸዋል። “ሲቲዝን ነዎት?” ብሎ በአማርኛ፣ ፊት ለፊት፣ ቅጹ ከመነካቱ በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው። መልሱ “ገና ነኝ” ከሆነ “እንኳን ጠየቅኩዎት፣ ሲሆኑ ይምጡ” ብሎ መሸኘት እንጂ “ግድ የለም” ማለት ሰውን መጉዳት ነው።

የተለዩ ቦታዎች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከንቲባና ለከተማው ምክር ቤት እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ በማድረግ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ዲሲም በ2022 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ በ2024 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኮንግረስ ውስጥ ግን የሚቃወሙት አሉ። ይህ ለከተማ ምርጫ ብቻ ነው፣ መዝገቡም የተለየ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ያሰበ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

ሰው ለምን አይመዘገብም? “ፖለቲካ አልወድም” የሚለው ብዙ ነው። ከመጣንበት ታሪክ አንጻር ስምን መንግሥት መዝገብ ላይ ማስፈር የሚያስፈራው አለ፤ ይህንን ፍርሃት ማናናቅ ነውር ይመስለኛል። “ጁሪ ይጠሩኛል” የሚልም አለ። ብዙ ስቴቶች የጁሪ (ፍርድ ቤት ተጠርተው ብይን የሚሰጡ ዜጎች) ስም ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ስለሚያወጡ አለመመዝገብ ከዚያ አያስጥልም። የሥራ ሰዓትም አለ። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው በፖስታ መምረጥና ቀደም ብሎ መምረጥ እንደሚቻል መንገር ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል።

ፊት ለፊት መነጋገር እንደሚሠራ ጥናትም አለ። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ላይ ሙከራ አደረጉ። ቤታቸው ድረስ ሰው ሄዶ ያነጋገራቸው መራጮች ተሳትፎ በ9 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ጨመረ። ደብዳቤ ትንሽ ረዳ፤ የስልክ ጥሪ ምንም ያመጣው ለውጥ አልታየም። እድር፣ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያለው ማኅበረሰብ ይህን ዕድል በእጁ ይዟል። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ይከባበራሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ገደቦች አሉ። ቤተ ክርስቲያንና ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት መራጭ መመዝገብ ይችላል፤ “እገሌን ምረጡ” ማለት ግን አይችልም። ለመመዝገብ ክፍያ መስጠትም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ለሁሉም ቡና ማፍላት አንድ ነገር ነው፣ ለተመዘገበ ብቻ ማኪያቶ መጋበዝ ሌላ።

የቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓቶች ለዓመታት የዚህ ሥራ ምርጥ ቦታ ነበሩ። አዲሱ ዜጋ ባንዲራውን ይዞ ከአዳራሹ ሲወጣ የሴት መራጮች ሊግ ሴቶች ቅጽ ይዘው ይጠብቁት ነበር። በ2025 ነሐሴ መጨረሻ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እዚያ ምዝገባ እንዳያካሂዱ ወሰነ፤ የስቴትና የአካባቢ ምርጫ ባለሥልጣናት ብቻ ቀሩ። በእኔ እምነት ይህ ጉዳት ነው፤ ያንን ዕለት ያህል ሰው ለመመዝገብ የተዘጋጀበት ቀን የለም። ሥራው አሁን ወደ ቤተ ዘመድና ወደ ሰፈር ዞሯል። ልጅዎ ወይም እህትዎ ማለች? በዚያው ሳምንት አብረው ቁጭ ብለው ቅጹን ይሙሉ።

ምዝገባ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የምርጫ ወረቀቱ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ሌላ የትምህርት ቦርድ፣ የካውንቲ ምክር ቤት፣ ዳኞች፣ የቦንድ (የመንግሥት ብድር) ጥያቄዎች አሉ። የልጅን ትምህርት ቤትና የቤት ኪራይን የሚነኩት እነዚህ ናቸው፣ ጥቂት ሰው የሚመርጥባቸውም እነዚህ ናቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። በስደተኛነት ከኢትዮጵያ የመጣው ኦባላ ኦባላ በ2019 መጨረሻ ዜግነት አገኘ፤ ዓመት ሳይሞላው በ2020 ኅዳር የኦስቲን፣ ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

ማንበብ የሚያዳግታቸው ወላጆች ያሉት ሁሉ ይህን ይወቅ። በመምረጥ መብት ሕጉ ክፍል 208 መሠረት በዓይነ ስውርነት፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል ምክንያት እርዳታ የሚፈልግ መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል። ልጁ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን አይሆንም። በተረፈ ምርጫ ጣቢያው ራሱ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ መሥራት ይቻላል፣ ክፍያም አለው። አማርኛ የሚናገር ወጣት እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ በሩ ላይ የሚያመነቱ እናት በልበ ሙሉነት ይገባሉ። ማመልከቻው የካውንቲው ምርጫ ቦርድ ዘንድ ይገኛል።