ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፦ ስለ ድራፍት ልጆችና ስለ ችኮላችን

ኦክቶበር 27 ቀን 2024፣ እሑድ አመሻሽ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ቤት ተሰብስበናል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ቴሌቪዥኑ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከቺካጎ ቤርስ ይጫወታሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተውታል፣ ዋሽንግተን 15 ለ 12 እየተመራ ነው። የዋሽንግተኑ አዲስ ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ጄይደን ዳንኤልስ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ ተመልሶ ወደ ሌላው ሮጠ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ፊት ወረወራት። ኳሷ ከተዘረጉት እጆች ላይ ነጥራ ከሰዉ ኋላ ወደቀች። እዚያ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ቀለባት። 18 ለ 15!

ቤቱ ተናወጠ። ሲኒ ተደፋ። አንዱ ጓደኛችን ሶፋው ላይ ቆሞ «በቃ! ሱፐር ቦውል ዘንድሮ የኛ ነው!» ይላል፤ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ ማለቱ ነው። ሌላው የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት ዋንጫ መቁጠር ጀምሯል። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ቀስ በሉ ልጆች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ሶፋው ላይ የቆመው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እንቁላል እኮ ሄዷል!» አላቸው። ሳቁ። መልስ አልሰጡትም።

እኔ ግን ተረቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ አይተነዋል። ትርጉሙ ምንድን ነው ብትሉት ሁሉም ሰው «ትዕግሥት» ይላችኋል። ልክ ነው። ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ስታዩዋቸው ከትዕግሥት የበለጠ ነገር አላቸው።

መጀመሪያ «በእግሩ» የሚለውን ያዙልኝ። እንቁላል ድሮም ይሄዳል እኮ። ተንከባሎ ይሄዳል። በገለባ ተጠቅልሎ ገበያ ይሄዳል። ጎረቤት ሲታመም በመሐረብ ተቋጥሮ ይሄዳል። ያ ሁሉ ግን በሰው እጅ ነው። ተረቱ የሚያወራው ሌላ አካሄድ ነው፤ ያው የትናንቱ እንቁላል ነገ ማንም ሳይይዘው በራሱ እግር ቆሞ ሲሄድ። ደግሞ ልብ በሉ፣ «ጫጩት ይሄዳል» አይልም፣ «እንቁላል ይሄዳል» ነው የሚለው። እግሩ ከውጭ መጥቶ የተቀጠለ አይደለም፣ ከዛጎሉ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ነው። ላየው ሰው ግን ዛጎሉ ላይ ምንም ምልክት የለም።

ሁለተኛው «ቀስ በቀስ» ነው። የገጠር ቤት ያደገ ሰው ይሄን ቃል ሲሰማ የሚታየው አንድ ማዕዘን አለ። ጨለም ያለ፣ ጭድ የተነጠፈበት፣ ዶሮዋ እንቁላሎቿን ታቅፋ የተኛችበት። ለ21 ቀን ያህል እዚያው ናት። ጥሬ ለመልቀምና ውሃ ለመጠጣት ብድግ ትልና ቶሎ ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በመንቆሯ ታገላብጣቸዋለች፣ ሙቀቱ ለሁሉም ጎን እንዲደርስ። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ስሄድ ሥራዬ ያንን ማዕዘን መጠበቅ ነበር፤ ማለቴ እንድጠብቅ ማንም አላዘዘኝም፣ እኔው ነኝ ራሴን የሾምኩት። በየጊዜው ዶሮዋን ከፍ አድርጌ አያለሁ። እጄን ትነክሰኛለች፣ እኔ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። አያቴ አንድ ቀን ያዘችኝና «ልጄ፣ ባየኸው ቁጥር እየቀዘቀዘ ነው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም። ግን እስካሁን ይሰማኛል።

የተረቱ መነሻ ይኸው ማዕዘን ነው። ዶሮ ባለበት ቤት ሁሉ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሁሉም እንቁላል አይፈለፈልም፣ አንዳንዱ ይገማል። ከተፈለፈሉትም ጭልፊት የሚወስደው አለ። የተረፈው ቄብ ይሆናል፣ አውራ ዶሮ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ገበሬ ነው «ይሄዳል» ያለው።

(በነገራችን ላይ ይሄን ተረት ከሌላው የእንቁላል ተረት ጋር የሚያደባልቁ አሉ። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ሌባው ለእናቱ የተናገረው ነው። ትንሽ ጥፋት አድጎ ትልቅ ስለሚሆንበት ነገር ነው የሚነገረው። የኛው ስለ በጎ እድገት ነው።)

በሰው አፍ ላይ ስታገኙት ተረቱ ሁልጊዜ ለጀማሪ ነው የሚባለው። ፊደል ለሚቆጥር ሕፃን፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ ለወጣ ልጅ፣ አሜሪካ ገብቶ በመጀመሪያው ወር «ምን አመጣኝ» ለሚል ሰው። ለእኔ ግን እንደ ድራፍት የሚስማማው ነገር የለም።

ድራፍት ስል ቢራውን አይደለም። በአሜሪካ ፉትቦል፣ በኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖች በየዓመቱ በአፕሪል ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ሰባት ዙር ነው። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋ ቡድን ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት በጣም የሚደሰተው በጣም ሲሸነፍ የከረመው ደጋፊ ነው። ዋሽንግተን በ2023 4 ብቻ አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነው ጨርሶ ሁለተኛውን ምርጫ ያገኘውና ዳንኤልስን የወሰደው። እኛ ደግሞ ልጁ ማልያውን ሳይለብስ የሠራነው የተስፋ ቤት! «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ድራፍቱ የተጀመረው በ1936 ነው። በታሪክ የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር ይባላል፣ የፊላደልፊያ ኢግልስ ምርጫ ነበር። አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። በክፍያ አልተስማማም፣ ሌላ ሕይወት መረጠ። የመጀመሪያው እንቁላል በዚህ በኩል እንኳ አልሄደም ማለት ነው።

የዋሽንግተን ደጋፊ ግን ታሪክ ፍለጋ እስከ 1936 መሄድ አያስፈልገውም። 2012ን ያስታውሳል። ቡድኑ ያን ዓመት ሮበርት ግሪፈን ሣልሳዊ የሚባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ለሦስት ዓመት፣ በላዩም አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ራምስ ለሚባለው ቡድን ሰጠ። ልጁም አላሳፈረም። የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተጫዋች ተባለ፣ ቡድኑ 10 አሸንፎ ምድቡን በላ። ከተማው አበደ። ታክሲ ውስጥ ስለሱ፣ ምግብ ቤት ስለሱ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስለሱ ይወራ ነበር።

ከዚያ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 መጣ። ላንዶቨር፣ የዋሽንግተን ስታዲየም፣ ከሲያትል ጋር፣ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ጥሎ ማለፍ። ልጁ በዲሴምበር ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ተጫወተ። ዋሽንግተን 14 ለ 0 መራ፣ እሱ ግን እያነከሰ ነበር፤ ሁላችንም እናያለን፣ ማንም «አስወጡት» አላለም፣ እኔም አላልኩም። በአራተኛው ክፍል አንዲት የተበላሸች ኳስ ለማንሳት ዞር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ከዳው። ዋሽንግተን 24 ለ 14 ተሸነፈ። ልጁ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ተመልሶም ተጫወተ፣ የ2012ቱን ግሪፈን ግን ዳግም አላየነውም። ያ ምሽት እስከ ዛሬ ያመኛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እኛ ልጁን ሲሮጥ ነበር ያስታጠቅነው።

ግን የዚያን ዓመት ታሪክ በዚህ አያልቅም። ዋሽንግተን በዚያው ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ ሌላ ኳርተርባክ ወስዶ ነበር። ኪርክ ከዝንስ። ሲመረጥ ሁላችንንም ደነቀን፦ «ግሪፈንን ይዘው እሱን ምን ሊያደርጉት?» ልጁ ሦስት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲገባ ተሳሳተ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። በ2015 ቦታውን ያዘ፣ ቡድኑን የምድብ አሸናፊ አደረገ። በ2018 ሚኒሶታ ሲሄድ የሦስት ዓመት 84 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕዘን፣ ሁለት እንቁላል። አንዱን በየቀኑ እያነሳን አየነው። ሌላውን ረሳነው።

እና እኔ የተረቱ ልብ ዶሮዋ ናት የምለው ለዚህ ነው። ትዕግሥት ብቻ ቢሆን እንቁላሉን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ይበቃ ነበር። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ይገማል። ማቀፍ ያስፈልጋል። ካንሳስ ሲቲ ፓትሪክ ማሆምስን በ2017 አሥረኛ ላይ ሲመርጠው ወዲያው ሜዳ ውስጥ አልወረወረውም። አሌክስ ስሚዝ የሚባል አንጋፋ ሥር አንድ ዓመት አስቀመጠው፣ በመደበኛው ውድድር አንድ ጨዋታ ብቻ አስጀመረው። በማግሥቱ ዓመት የሊጉ ኮከብ ሆነ። አሮን ሮጀርስን ግሪን ቤይ በ2005 መርጦ ሦስት ዓመት ከብሬት ፋቭር ጀርባ አቆይቶታል።

ወዲያው ገብተው ተቀጥቅጠው የሄዱም አሉ። ትሮይ ኤክማንን ዳላስ በ1989 አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ የጀመራቸውን 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ዳላስ ያን ዓመት ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ እሱም ኤክማን ያልጀመረው፣ እሱም ዋሽንግተን ላይ። (ይሄን መጻፍ ደስ አይለኝም፣ ግን እውነት ነው።) ያው ልጅ በኋላ ሦስት ሱፐር ቦውል በላ። ፔይተን ማኒንግ በ1998 በመጀመሪያ ዓመቱ 28 ጊዜ ኳስ ለባላጋራ አስጠልፏል፣ ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸንፏል። ያኔ «ይሄማ ገምቷል» ያለ ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ ሁለቱም ቡድኖች ልጆቹን ከሥራቸው አላወጧቸውም።

ወደ ዳንኤልስ ልመለስ። ያ የ2024 ዓመት ሕልም ነበር። 12 አሸንፈው 5 ተሸነፉ። ልጁ በሩጫ 891 ያርድ አገኘ፣ ለአዲስ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን ነው። በጃንዋሪ ታምፓን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን 45 ለ 31 አሸነፉ። ለዋሽንግተን ከ2006 ወዲህ የመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ድል ነበር፤ ያኔ የተወለደ ልጅ መኪና ይነዳል። ከዚያ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጣን። የሱፐር ቦውሉ በር ላይ ቆምን። ሶፋው ላይ የቆመው ጓደኛችን ግን «ሚቀጥለው ዓመት የኛ ነው» አለ። እኔም አምኜ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ደጋግሞ ተጎዳ። በኖቬምበር 2025 ከሲያትል ጋር የግራ ክርኑ ሲወልቅ ጋሼ ቤት ነበርን። ደግሞ ሲያትል። ደግሞ ላንዶቨር። ማንም አልጮኸም። አንዱ ስልኩን አገላበጠ፣ አንዱ ወደ ኩሽና ሄደ። ከፊታችን የቀዘቀዘ ፈንዲሻ አለ። እኔ የአያቴን ድምፅ ነው የሰማሁት።

ተስፋ ማድረጋችን ስህተት ነበር ብዬ አላምንም። ገበሬው እንቁላሉን የሚያሳቅፈው ተስፋ ስላለው ነው፤ ተስፋ ባይኖረው ጠብሶ ይበላው ነበር። ስለ ጀማሪ ልጅ ደስ መሰኘት ያምራል። ግን ስንደሰት ስሙን በትክክል እንጥራው፦ ገና እንቁላል ነው፣ ከሥሩ ሙቀት ይፈልጋል፣ አጥሩን የሚጠብቅለት ይፈልጋል፣ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ከፊቱ የሚቆሙ ጠንካራ ተከላካዮች ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ2025 ድራፍት ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሐሙስ ሌሊት አልቋል፣ እኛም በዚያው ሌሊት ተጨቃጭቀን፣ ደስ ብሎን፣ ተበትነናል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ማንም ቴሌቪዥን የከፈተ የለም። ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ሰባተኛው ዙር ላይ ማንን ወሰዱ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ፈልጌ ነገርኳቸው፦ 245ኛ ላይ፣ ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት የሚባል ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ፣ እየጻፉት ነበር።