ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ለምን ግማሹን?

ቤትዎን በ2 ሚሊዮን ብር መድን አስገቡ። እሳት የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት አደረሰ። ኩባንያው 500 ሺህ ብር ብቻ ልክፈል አለ። ያናድዳል! ግን ማጭበርበር ላይሆን ይችላል።

ጥያቄው አደጋው በደረሰበት ዕለት ቤቱን እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጅ ነበር የሚለው ነው። 4 ሚሊዮን ከሆነ፣ አረቦን (ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ) የከፈሉት ለግማሹ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ትንሽም ቢሆን ካሳው በግማሽ ይቀነሳል። በውሉ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት ድርሻ ካለ ደግሞ እሱም ከካሳው ላይ ይቀነሳል። የሽያጭ ዋጋውን ግን አያስቡ፤ መሬት አይቃጠልም።

መኪናም ላይ ቅነሳው ያው ነው፤ መለኪያው ግን የገበያ ዋጋው ነው። እኛ አገር ያገለገለ መኪና ከዓመት ዓመት ሊወደድ ይችላል። ውል ሲያድሱ የአምናውን ዋጋ ዝም ብለው አይድገሙ።