ሎቢ ምንድን ነው? የዋሽንግተን ደጅ ጥናት

ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለጉዳይ ከባለሥልጣን በር እየተመላለሰ፣ እጅ እየነሳና አማላጅ እየላከ ጉዳዩ እስኪሰማለት ይጠብቃል። አሜሪካውያን ሎቢ የሚሉት ሥራም ስሙን ያገኘው ከደጅ ነው። ሎቢ ማለት ከዋናው አዳራሽ ውጭ ያለ መተላለፊያ ሲሆን፣ ባለጉዳዮች የሕግ አውጪዎችን መግቢያና መውጫ የሚጠብቁበት ስፍራ ነበር። ዛሬ ይህ ደጅ ጥናት ዳጎስ ያለ ክፍያ ያለው ሙያ ሆኗል፤ በቅርብ ዓመታት በፌደራል መንግሥቱ ደጅ ብቻ በየዓመቱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል።

መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው፤ ሕዝብ ለመንግሥት አቤት የማለት መብቱን ይጠብቃል። አቤት ባዩ የገበሬዎች ማኅበርም ሆነ የነዳጅ ኩባንያ መብቱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ደግሞ ሎቢስቶች እንዲመዘገቡና ለማን እንደሚሠሩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

ብዙ ሰው ሎቢን ከጉቦ ጋር አንድ ያደርገዋል። ጉቦ ግን በአሜሪካም ወንጀል ነው። የምርጫ መዋጮ በሩን ቶሎ እንደሚያስከፍት አይካድም፤ ሆኖም የሎቢስት ዋና መሣሪያ እውቀትና ቅርበት ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ዛሬ ስለ ባንክ፣ ነገ ስለ ስንዴ ድምፅ መስጠት ይኖርበታል፤ ረዳቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ጥናቱን አዘጋጅቶ፣ የረቂቁን ዐረፍተ ነገር ሳይቀር ጽፎ የሚመጣ ሰው እንዴት አይሰማ?

አንድ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን የመድኃኒት ዋጋ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜዲኬር ለተባለው የአረጋውያን የጤና መድን የመድኃኒት ሽፋን ተጨመረ። በሕጉ ውስጥ ግን መንግሥት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር የዋጋ ድርድር ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት ገበያ ወጥቶ ዋጋ አትከራከር ተባለ! በተወካዮች ምክር ቤት የድምፅ አሰጣጡ የተጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እንደ ወትሮው በ15 ደቂቃ ማለቅ ሲገባው፣ የሪፐብሊካን መሪዎች እንቢ ያሉ አባሎቻቸውን እያግባቡ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አቆዩትና 220 ለ215 አለፈ። ሕጉን ካዘጋጁት ዋና ሰዎች አንዱ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ቢሊ ታውዚን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ምክር ቤቱን ለቀው የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር መሪ ሆኑ። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ መሆኑ ነው።

ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ክልከላውን ለማንሳት ሞከሩ። የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው፤ በሴኔት ግን 55 ለ42 አብላጫ አግኝቶም ወደቀ። ከ100ው መቀመጫ 60 ድምፅ ካልተገኘ ተቃዋሚዎች ክርክሩ እንዳይዘጋ ማድረግ ይችላሉና። የሎቢ ጉልበት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። አንድ ረቂቅ ሕግ ለመሆን በኮሚቴው፣ በሁለቱ ምክር ቤቶችና በፕሬዚዳንቱ በር ሁሉ ማለፍ አለበት፤ ለማስቀረት ግን ከእነዚህ አንዱን በር መዝጋት ይበቃል። ያለውን ሁኔታ ይዞ መቆየት የሚፈልግ ባለገንዘብ ከጅምሩ ብልጫ አለው።

ክልከላው በከፊል የተነሳው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ነው። ዴሞክራቶች ተራ አብላጫ የሚበቃውን የበጀት ሥርዓት ተጠቅመው፣ በሴኔት ድምፁ እኩል ለእኩል ሲከፈል በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩት በካማላ ሃሪስ ድምፅ 51 ለ50 አሳለፉት። በዚያው ሕግ ለሜዲኬር ተጠቃሚዎች የኢንሱሊን ክፍያ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ለግል መድን ተጠቃሚዎች የታሰበው ተመሳሳይ ጣሪያ ግን ከበጀት ሥርዓቱ ውጭ ነው ስለተባለ 60 ድምፅ ተጠየቀበት። 57 አግኝቶ ቀረ።

ኢትዮጵያውያንም ይህን በር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች የየወረዳቸውን ተወካዮች በስልክና በደብዳቤ እየወተወቱ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ የተዘጋጀውን ኤች አር 2003 የተባለ ረቂቅ ደገፉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ረቂቁን የሚቋቋሙለት ሎቢስቶች ቀጠረ። ረቂቁ በጥቅምት ወር መጀመሪያ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ግን ድምፅ ሳይሰጥበት የምክር ቤቱ ዘመን አበቃ። ለውጭ መንግሥታት የሚሠሩ ሎቢስቶች እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣ ሌላ ሕግ በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባሉ፤ ውላቸውና የክፍያቸው መጠን ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያነበው ይችላል።