የውስጥ ጆሮ ሊፖማ ምንድን ነው?

ሊፖማ ከስብ ሕዋሳት የተሠራ እባጭ ነው። ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከቆዳ ሥር፣ ጀርባ ወይም ትከሻ አካባቢ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከውስጥ ጆሮ ወደ አንጎል በሚወስደው ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ቦይ የመስማት፣ የሚዛንና የፊት ነርቮች ያልፋሉ። ስለዚህ ጥቂት ሚሊሜትር ስብ እንኳ አንዱን ጆሮ ሊያደክም፣ የማያቋርጥ ጩኸት ሊያሰማ ወይም ሊያዞር ይችላል። ምንም ሳይሰማው የሚኖርም አለ።

መነሻው የፅንስ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። የአንጎል ሽፋን መሆን የነበረበት ሕብረ ሕዋስ ወደ ስብ ይለወጣል።

ትልቁ ጉዳይ ምርመራው ነው። በዚህ ቦታ በብዛት የሚገኘው እባጭ ሹዋኖማ የሚባለው የነርቭ ሽፋን ዕጢ ነው። ምልክታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት ኃይል የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል ነው። ቲ-1 በሚባለው ምስል ላይ ስብ፣ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ምስል ማድመቂያ) ከመሰጠቱ በፊትም፣ ደምቆ ይታያል። ሹዋኖማ ግን የሚደምቀው ከኮንትራስት በኋላ ነው። ኮንትራስት የተሰጠበት ምስል ብቻ ከታየ ሁለቱም ደማቅ ናቸውና መሳሳት ቀላል ነው። ማረጋገጫው የስብን ድምቀት የሚያጠፋው የኤምአርአይ ዘዴ ነው። ሊፖማ ከሆነ ድምቀቱ እዚያው ይጠፋል። ሐኪምዎን «የስብን ድምቀት የሚያጠፋው ምስል ተነሥቷል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ድፍረት አይደለም፤ መልሱ ከቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል።

ምክንያቱም ሊፖማ ነርቮቹን ገፍቶ አይቀመጥም። በመካከላቸው ይገባል፣ ይጣበቃቸዋል። ሙሉ በሙሉ ላውጣው ሲባል የቀረው መስማት ሊጠፋ፣ ፊትም ሊጣመም ይችላል። ዕድገቱ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አያድግም። «ዕጢ አለብህ» ተብሎ ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። እዚህ ግን አለመንካት ራሱ ሕክምና ነው።

ክትትሉ የመስማት ምርመራና በየተወሰነ ጊዜ የሚነሣ ኤምአርአይ ነው። ለመስማት ችግር ማዳመጫ መሣሪያ፣ ለማዞር የሚዛን ልምምድ ይታዘዛል። ቢላ የሚነሣው ማዞሩ ኑሮን ሲያቃውስ ወይም እባጩ የአንጎል ግንድን ሲጫን ነው። ያኔም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ኤምአርአይ ሲዲ በደንብ ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ የሚመዘነው በእሱ ነው። መስማትዎ በድንገት ከቀነሰ ወይም ፊትዎ ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።