ገደብ ያለበት መንጃ ፈቃድ ምንድን ነው? አደጋ ደርሶ ሰው ከሞተስ ማን ይጠየቃል?

ልጄ 15 ዓመት ተኩል ሲሞላት ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ልታወጣ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ይዣት ሄድኩ። ማመልከቻው ላይ ወላጅ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ልጅቷ በደስታ መቆም አቅቷታል፣ እኔም ሳላነብ ፈርሜ ወጣሁ። የፈረምኩትን ያነበብኩት ማታ ቤት ገብቼ ፎርሙን ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ ነው። ልጅቷ እየነዳች ለምታደርሰው ጉዳት የፍትሐ ብሔር ኃላፊነቱን እቀበላለሁ ብዬ ነው የፈረምኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት፣ ስንት ወላጅ እንደኔ ሳያነብ እንደሚፈርም ስለማውቅም ነው ይህን የምጽፈው።

የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ያላችሁ ሰዓቱም ቅጣቱም ይለያያልና የራሳችሁን ስቴት ሕግ እዩ።

ገደብ ያለበት መንጃ ፈቃድ፣ ልጆቹ ፕሮቪዥናል የሚሉት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ልጁ ፐርሚቱን ይዞ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት። ከአስተማሪ ጋር 6 ሰዓት ይነዳል፣ ከአዋቂ ጋር ደግሞ 50 ሰዓት ይለማመዳል፣ ከ50ው 10ሩ በጨለማ ነው። 16 ሞልቶት ፈተናውን ካለፈ ፈቃዱን ያገኛል። ገደቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መንዳት አይችልም። ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ ሰውም መጫን አይችልም። ወላጁ ወይም 25 ዓመት የሞላው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አብሮት ካለ ግን ይፈቀድለታል። ለሥራ፣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና የተፈረመ ደብዳቤ ይዞ የሚነዳበት ሁኔታም አለ። ስልክ ግን 18 እስኪሞላው ድረስ በስፒከርም ቢሆን ክልክል ነው።

ይህን ገደብ መጣስ ለብቻው ሲታይ ቅጣቱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ8 እስከ 16 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም እስከ 35 ዶላር መቀጮ ነው። ፖሊስም ገደቡን ጥሶ እንደሆነ ለማጣራት ብቻ ብሎ መኪና ማስቆም አይችልም። ብዙ ልጅ ገደቡን ንቆ የሚነዳው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ወላጅም እንደዚያው፣ «ጓደኛህን አድርሰህ ና» እያለ ራሱ ይልካል።

ሰው የሞተ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው «ገደቡን ጥሶ እየነዳ ሰው ከሞተ በቃ ነፍሰ ገዳይ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አደጋ ነው፣ ልጅ ነው፣ ምንም አይሆንም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው የሞተው በምን ምክንያት ነው ብሎ ነው።

ይህን አስቡት። የ17 ዓመት ልጅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ እየነዳ ነው። ሰዓቱን ጥሷል፣ የተሳፋሪውን ገደብም ጥሷል። አረንጓዴ በርቶለት መስቀለኛ መንገዱን ሲያቋርጥ አንድ የሰከረ ሰው ቀይ መብራት ጥሶ ከጎን ገጨው፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅም ሞተ። ልጁ ገደብ ጥሷል፣ ሞቱን ያመጣው ግን የሰከረው ሰው ነው። ገደቡን መጣሱ ብቻውን በሰው መግደል አያስጠይቀውም።

አሁን ደግሞ ያው ልጅ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጓደኞች ናቸው እንበል። ሙዚቃው ተከፍቷል፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ «ጨምር! ጨምር!» ይሉታል፣ እሱም በሰዓት 35 ማይል በሚነዳበት መንገድ 80 እየነዳ ግንድ ጋር ተላተመ። ያው አንዱ ልጅ ሞተ። እዚህ ላይ ገደቡ ተራ ወረቀት መሆኑ ቀረ። የተሳፋሪ ገደብ የወጣው ጓደኛ ሲበዛ ልጁ ልቡ ስለሚከፋፈል ነው፣ የደረሰውም አደጋ ያው ሕጉ የፈራው ነው። የሟች ቤተሰብ ጠበቃ ይህንን ነው ይዞ የሚቀርበው። አቃቤ ሕጉም «አደጋውን እያወቀ ነው የነዳው» ለማለት ይጠቀምበታል።

በወንጀል በኩል በመኪና ሰው መግደል በካሊፎርኒያ ሁለት ደረጃ አለው። ተራ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለአፍታ ዓይኑን ከመንገድ አንስቶ ከሆነ፣ እስከ አንድ ዓመት እስር ነው። ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ማለትም ማንም ጤነኛ ሰው የሚያየውን የሞት አደጋ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ከነዳ፣ በስቴት እስር ቤት 2፣ 4 ወይም 6 ዓመት ሊያስፈርድ ይችላል። እነዚህ የአዋቂ ቅጣቶች ናቸው። ከ18 በታች ያለ ልጅ ጉዳዩ የሚጀምረው በልጆች ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ ዓላማው ማረም ነው። ድሮ አቃቤ ሕጉ ራሱ ልጁን በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤት መውሰድ የሚችልበት መንገድ ነበር። በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያንን ዘጋው፣ አሁን የሚወስነው ዳኛ ነው።

መጠጥ ካለበት ግን ሁሉም ነገር ይከብዳል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የደም አልኮል 0.01 በመቶ ከተገኘ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ይህ ማለት አንድ ቢራ እንኳ ብዙ ነው። ሰክሮ በከባድ ቸልተኝነት ሰው የገደለ አዋቂ 4፣ 6 ወይም 10 ዓመት ይጠብቀዋል። ሌላም ዓይነት ገደብ ያለበት ፈቃድ አለ። በዲዩአይ፣ ማለትም ጠጥቶ በመንዳት፣ የተፈረደበት አዋቂ ሰው መኪናው ውስጥ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አስገጥሞ፣ ወይም ሥራና ኮርስ ብቻ እየተመላለሰ እንዲነዳ የሚሰጠው ነው። ይሄ ሰው ሲፈረድበት ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ደግመህ ጠጥተህ ነድተህ ሰው ከሞተ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ትችላለህ የሚል ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1981 ጀምሮ ይህን ፈቅዷል። ቅጣቱ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ እንደገና የነዳ ሰው «አላወቅኩም» ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ፈረምኩት ወረቀት ልመለስ። ወላጅ በልጁ ጥፋት አይታሰርም፣ ወንጀሉ የነጂው ነው። ገንዘቡ ግን ይመለከተዋል። ማመልከቻው ላይ የፈረመ ሰው ልጁ 18 እስኪሞላው በቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት አብሮ ይጠየቃል። ሕጉ ለዚህ ኃላፊነት ጣሪያ አበጅቶለታል። ለአንድ ሟች 15,000 ዶላር የነበረው ከ2025 ጀምሮ 30,000 ሆኗል፣ በአንድ አደጋ ከአንድ ሰው በላይ ከተጎዳ ደግሞ 60,000። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ «ተመስገን» ይላል። ቆይ። ጣሪያው የፊርማውን ኃላፊነት ብቻ ነው የሚሸፍነው። ልጁ ጠጥቶ መምጣቱን እያየ፣ ወይም በፍጥነት ስንቴ መከሰሱን እያወቀ ቁልፍ የሰጠ ወላጅ በራሱ ቸልተኝነት ይከሰሳል፣ ለዚያ ጣሪያ የለውም። ልጁ ራሱም ጣሪያ የለውም። የፍርድ ቤት ዕዳ 10 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያም ሊታደስ ይችላል፣ ስለዚህ በ17 ዓመቱ የሆነው ነገር ሥራ ይዞ ትዳር መሥርቶም ደሞዙን ሊከተለው ይችላል። የሟች ቤተሰብ ክስ ለመመሥረት በአብዛኛው 2 ዓመት አለው።

ኢንሹራንሱን ደግሞ አደራ። ወርሃዊው ክፍያ እንዳይጨምር ብለን ልጁን ስሙን ጠቅሰን ከኢንሹራንስ ውሉ፣ ከፖሊሲው፣ እናስወጣለን፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ስሙ ተጠቅሶ ከፖሊሲው የተወገደ ልጅ ያንን መኪና ነድቶ ሰው ከገደለ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል፣ ያኔ ቤቱ ነው የሚሄደው። ፖሊሲያችሁን አውጡና የልጃችሁ ስም የት ጋ እንደተጻፈ ዛሬውኑ እዩ። ልጁ አልሰማ ካለ ደግሞ የፈረመው ወላጅ ፈቃዱ እንዲሰረዝ ለዲኤምቪ መጠየቅ ይችላል፣ ከተሰረዘ በኋላ ላለው ጊዜ በፊርማው ምክንያት አይጠየቅም። ልጅ ይቀየማል። ይቀየም።

ለልጆቻችሁ ደጋግማችሁ ልትነግሯቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ አደጋ ከደረሰ ቦታውን ጥለው እንዳይሄዱ። ከፈሩ፣ ገደቡን ጥሰው ከሆነ፣ ሊሸሹ ይችላሉ። ሰው የሞተበትን ቦታ ጥሎ መሄድ ለብቻው እስከ 4 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፣ የ35 ዶላር መቀጮ ፈርቶ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

የመጨረሻው ነገር የእኛን ባህል የሚነካ ነው። ከሟች ቤተሰብ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዕድር ልንሆን እንችላለን። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ለእኛ አይታሰብም፣ ሽማግሌ ይዞ መሄድም ደግ ነው። ዕርቁ የወንጀል ክሱን አይዘጋም፣ እሱን የሚወስነው አቃቤ ሕግ ነው። ሀዘንን መግለጽን ግን የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ ይጠብቀዋል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ሀዘናችሁ ሀዘናችን ነው» ያለ ሰው በካሳው ክስ ላይ ጥፋቱን አምኗል ተብሎ አይቀርብበትም። «ልጃችን ነው ያጠፋው፣ በፍጥነት ነድቶ ነው» ካለ ግን ያ ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ሂዱ፣ አልቅሱ፣ እግራቸው ሥር ውደቁ። ስለ አደጋው ግን ጠበቃ ሳታናግሩ አንድ ቃል አትናገሩ፣ አብረዋችሁ ለሚሄዱት ሽማግሌዎችም በሩ ላይ ሳትደርሱ ይህንኑ ንገሯቸው።